ነቢዩ ሐጌና የሚካኤል ቆርቆሮ

ይህን ልጽፍ የተነሣሁት ከሁለት ዓመት ንዴት በኋላ ነው። ንዴቴ በሙሉ በመንደሬ ሰው ላይ ነበር። በኋላ ወዴት እንደ ዞረ ስታነቡት ታገኙታላችሁ።

መጀመሪያ ያኔ ማን እንደ ነበርሁ ልናገር። ፊደል የቆጠርሁት በሃያ ስድስት ዓመቴ ነው፤ በግማሽ ዕድሜዬ ከሚሆኑ ልጆች ጋር አንድ ወንበር ላይ ተጨናንቄ። ዘግይቶ የተማረ ሰው አንድ መጥፎ ጠባይ አለው። የተማረውን ሁሉ በላቡ ስላገኘው፣ ሌላው ሲያበላሸው መታገሥ አይችልም። የተሳሳተ ቃል ስሰማ ጥርሴን ያመኛል። ዳባት ከተማ በአንድ ትምህርት ቤት መጻሕፍት ቤት እሠራለሁ፤ ከመንደራችን በእግር አንድ ሰዓት ነው። በሰው ፊት ብዙ አልናገርም። የምናገረው ለማረም ብቻ ስለ ሆነ፣ መንደርተኛው «መጣችላችሁ» እያለ ነው የሚቀበለኝ።

ጦርነቱ ሲደርስብን መንደሩ ሁሉ ተሰደደ። ታቦቱን ካህናቱ ይዘው ወጡ። ስንመለስ የሚካኤል ቤተ ክርስቲያናችን ግድግዳው ብቻ ቆሞ አገኘነው፤ ክዳኑ ተቃጥሏል። ታቦቱም በአጎራባች ደብር በእንግድነት ቀረ። ግድግዳው ጭቃ ነው። ሁለት ክረምት ሸራ ጣል አድርገንበት በመከራ አለፈ። ሦስተኛውን ክረምት እንደማያልፍ ዐይን ያለው ሰው ሁሉ ያየዋል፤ በምሥራቅ በኩል አንዱ ማዕዘን ሆዱን ነፍቶ ወደ ውጭ ዘሟል።

የሚያናድደው ነገር፣ መክደኛ ቆርቆሮው ነበረን። ከጦርነቱ በፊት የሣሩን ክዳን በቆርቆሮ ልንለውጥ፣ እያንዳንዱ ቤት በሞተበት ሰው ስም ቆርቆሮ ተስሎ አምጥቶ ነበር። በየቆርቆሮው ሆድ፣ ወደ ውስጥ በሚያየው በኩል፣ የሟቹ የክርስትና ስም በቀይ ቀለም ይጻፋል፤ ቅዳሴው በተቀደሰ ቁጥር ስሙ ከበላዩ ሆኖ እንዲሰማ ነው። የጻፍሁት እኔ ነኝ። መጻፍ መቻሌ ለሰው ጥቅም የዋለው ያን ጊዜ መጀመሪያው ነው። ቆርቆሮው ገና ሳይመታ ጦርነት ሆነ፤ ሽማግሌዎቹ ገደል ውስጥ በጭድ ሸፍነው ደበቁትና ተረፈ።

ከስደት ሲመለሱ ግን ክረምት ገብቶ ነበር። የሰው ቤት ተገፍፏል። ሽማግሌዎቹ መከሩና ቆርቆሮውን ለሰው አደሉት፤ ለአንድ ክረምት ብቻ ተብሎ። ይህን አልነቅፍም፤ ሚካኤልም አይነቅፍ። አንዱ ክረምት አለፈ፤ ሁለተኛውም አለፈ። ቆርቆሮው ግን ከየቤቱ ጣራ አልወረደም። እኔ በዚያ በመጀመሪያው ክረምት፣ ከሁሉ በኋላ ነው ከጎንደር የተመለስሁ። ወንድሜ ታደሰ ሁለት ክፍል ቤቴን ከድኖ፣ በማዳበሪያ ጆንያ ኮርኒስ ሰፍቶ ጠበቀኝ። የዕርዳታ ቆርቆሮ ነው አለኝ። መርቄው ገባሁ፤ መጽሐፎቼንም በደረቅ ግድግዳ ላይ ደረደርሁ።

ከዚያ ስብሰባ ተጀመረ። የሰበካ ጉባኤው ጸሐፊ ስለ ነበርሁ በእያንዳንዱ ላይ ተቀምጫለሁ። ጥቅምት ላይ አዝመራው ይግባ ተባለ። ጥር ላይ ሠርግ ነው። የካቲት ላይ ጾም ገብቷል። ከፋሲካ በኋላ ደግሞ ለዘር መሬቱ ይታረሳል። ሊቀ መንበሩ አያ ደምሌ ሁልጊዜ ስብሰባውን የሚዘጋበት አንድ ቃል አለው፦ «ቤቱስ ይሠራል፤ ጊዜው አልደረሰም እንጂ።» እኔም ይህን ቃል በቃለ ጉባኤ ላይ ጻፍሁት። ደጋግሜም ጻፍሁት። አንድ ቀን እጄ ቆመ፤ የሆነ ቦታ አንብቤዋለሁ። ማታ ቤቴ ገብቼ ሐጌን አወጣሁ። ከባቢሎን የተመለሱት አይሁድም ቃል በቃል ይህንኑ ነበር የሚሉት።

ቄስ ሞገሴ ዘንድ ሄጄ አሳየኋቸው። ሳቁና፣ «እኛ ብንነግራቸው የጎረቤት ወሬ ይሆናል» ብለው ከደባርቅ ሰባኪ አስጠሩ። ከሚካኤል በዓል በፊት፣ በግንቦት መጨረሻ እሁድ፣ በአጎራባቹ ደብር ከቅዳሴ በኋላ ሕዝቡ ፍርስራሹ ግቢ ውስጥ ከወይራው ሥር እንዲሰበሰብ ተነገረ።

ሰባኪው ሁለት ሰዓት ዘግይቶ መጣ። በዚያ ፀሐይ የጠበቀውን ሕዝብ ይቅርታ አልጠየቀም። ስለ ራሱ አገልግሎት በሰፊው ነገረን። ከዚያ ሐጌን ጀመረ። ሐጌ በባቢሎን ወንዝ ዳር ተቀምጦ ለምርኮኞች ይሰብክ ነበር አለ። ጥርሴን አመመኝ። ሐጌ የተናገረው በኢየሩሳሌም ነው፤ ለምርኮኞች ሳይሆን ለተመለሱት፤ ነገሩ ሁሉ ያረፈው በዚህ ላይ ነው። ቆይቶም ሐጌን ከአንበሶች ጉድጓድ ጨመረው። አጠገቤ የተቀመጡት እማሆይ ብርቄ ወደ እኔ ዘንበል ብለው፣ «ምነው ፊትሽ? ሆድሽን ነው?» አሉኝ። ደህና ነኝ አልኋቸው። ሰባኪው ነቢዩን ከአንበሶቹ ሳያወጣልን ሚኒባስ ያመልጠኛል ብሎ ወደ ዳባት ወረደ። ስለ ቆርቆሮ አንድ ቃል አልወጣውም።

ሕዝቡ አቧራውን አራግፎ ሊነሣ ሲል ቄስ ሞገሴ በመስቀላቸው ወደ እኔ አመለከቱ።

«አንች ተናገሪ እስቲ። ያነበብሽውን።»

«አባ፣ እኔ በሰው ፊት ተናግሬ አላውቅም።»

«ፊትሽ ሲናገር ነው የዋለው። አሁን አፍሽ ይናገር።»

ተነሣሁ። ንዴቴ ደግፎ አቆመኝ። ሐጌ ማን እንደ ሆነ ነገርኋቸው። የማን ልጅ እንደ ሆነ እንኳ አልተጻፈም፤ መጽሐፉ ሁለት ምዕራፍ ብቻ ነው። አይሁድ ተማርከው ሰባ ዓመት ያህል ቆይተው ተመለሱ። የመቅደሱን መሠረት ጣሉና ተዉት። ከዚያ ሁሉም የየራሱን ቤት ሠራ፣ በእንጨት አስጌጠ፤ የእግዚአብሔር ቤት ግን ፍርስራሽ ሆኖ ቀረ። ብዙ ይዘራሉ፣ ጥቂት ያስገባሉ። ይበላሉ፣ አይጠግቡም። ሲጠየቁ «ጊዜው አልደረሰም» ይላሉ።

እዚህ ላይ አያ ደምሌ እጁን አነሣ። አያ ደምሌ ጆሮው ከበድ ያለ፣ ምላሱ ግን ያልከበደ ሰው ነው።

«ከስደት የተመለሱት አይሁድ ያልሽው እነ ይርዳውን ነው?»

ይርዳው ከወንዝ ማዶ የነበረ ባለ እጅ ቤተ እስራኤላዊ ነው፤ እኔ ልጅ ሳለሁ ቤተሰቡን ይዞ ወደ እስራኤል ሄደ። የመንደራችን አይሁድ እነሱ ነበሩ፤ ለአያ ደምሌ ሌላ አይሁድ የለም።

«አይደለም አያ ደምሌ። ይህ ከሁለት ሺሕ አምስት መቶ ዓመት በፊት ነው።»

«እኮ፤ ይርዳው ደህና ገባ ወይ? የሠራልኝ ማረሻ እስካሁን አለ።»

ሰው ሁሉ ስለ ይርዳው ማውራት ጀመረ። የሚስቱን ሸክላ የሚያነሣ አለ፤ አንዷ ልጁ ስልክ ደውሎ ነበር ትላለች። ነቢዩን ከአንበሳ አውጥቼ ሳበቃ ወንዝ ማዶ ጣሉብኝ። እማሆይ ብርቄ ብቻ ከመሬት ሳይነሡ፣ «ጸሎት ቤታቸውስ?» አሉ።

«ድንጋዩ ከእኔ በረት ነው ያለው» አለ አያ ደምሌ፤ ድምፁ ትንሽ ቀነሰ። «ፈርሶ ነበር እኮ።»

ያን ጊዜ ነው የገነፈልሁት። የሌላውን የጸሎት ቤት በረት አድርገን፣ የራሳችንን ደግሞ ለጭቃ ሰጥተን አልሁ። የሟቾቻችሁን ስም በእጄ ጽፌላችኋለሁ፤ ዛሬ ስማቸው ከጓዳችሁ ጭስ ይጠጣል አልሁ። ሐጌ እዚህ ቢመጣ መጽሐፉን እንደ አዲስ መጻፍ አያስፈልገውም፤ የአገሩን ስም ብቻ ይለውጥ ነበር አልሁ። እንዲህ ተናግሬ አላውቅም። ደስ ብሎኝ ነበር፤ ልሸሽገው አልችልም።

ከኋላ አንድ ሰው ሳቁን አፈነ። ሴቶቹ እርስ በርስ ተያዩ። ምን እንዳሳቃቸው አልገባኝም። አያ ደምሌ ከዘራውን መሬት ላይ እያሽከረከረ፣

«አንድ ልጠይቅሽ» አለኝ። «ነቢዩ ራሱ የት ነበር የሚያድር?»

አሰብሁ። የሚያርም ሰው ሲጠየቅ ያላነበበውን አይመልስም።

«አልተጻፈም» አልሁ።

በዚህ ጊዜ ሳቁን ያፈነ አልነበረም። ታደሰ ወንድሜ ብቻ አልሳቀም፤ ጫማውን ያይ ነበር። ቄስ ሞገሴ ጸሎት አድርገው አሰናበቱን፤ የቆርቆሮው ነገር ከሚካኤል በኋላ ይታይ ተባለ። ጊዜው አልደረሰም።

ወደ ቤቴ እየወረድሁ እማሆይ ብርቄ በመቋሚያቸው እየተደገፉ ደረሱብኝ። እማሆይ አንድ ልጅ ነበራቸው። ለሰሊጥ አጨዳ መተማ ወርዶ በወባ ሞተ። በስሙ ቆርቆሮ ከዳባት ገበያ በጀርባቸው አዝለው ነበር ያመጡት። ከዚያ መነኮሱ። ዛሬም የሣር ጎጆ ውስጥ ነው የሚኖሩት። እጅጌዬን ያዙኝ።

«ደግ ተናገርሽ ልጄ። ነቢዩም ደግ ተናግሯል።» ትንሽ ተራመድን። «ኮርኒስሽን አንስተሽ አይተሽ ታውቂያለሽ?»

«ለምን አየዋለሁ እማሆይ?»

«እንጃ። መጽሐፍ ስታይ ገልጠሽ ነው የምታይ። ብዬ ነው።» ጥለውኝ ወደ ጎጇቸው ታጠፉ።

ገና ዐሥር ሰዓት አልሆነም፤ ብርሃኑ ሙሉ ነው። ጠረጴዛዬን ከክፍሉ መሐል ሳብሁ፤ ወንበር ከላዩ ጫንሁ፤ የሽንኩርት ቢላዬን ይዤ ወጣሁ። ጆንያው በወፍራም ሲባጎ ተሰፍቷል። ታደሰ ችኩል ሰው ነው፤ ቀበቶውን እንኳ በትክክል አይታጠቅም። ኮርኒሱን ግን ነጥብ ሳይዘል ሰፍቶታል። ይህን ሁለት ዓመት አይቼው ለምን ብዬ አልጠየቅሁም። የሌላ ሰው ስፌት ቢሆን እጠይቅ ነበር።

አንዱን መስመር ተረተርሁ። አቧራና የአይጥ ኩስ ፊቴ ላይ ወረደ። ዐይኔን ጠርጌ ቀና አልሁ። ቀይ ቀለም ነው። ጠጋ ብዬ አነበብሁ፦ ገብረ ሚካኤል።

የእማሆይ ልጅ ነው። ስሙን ስጽፍ እማሆይ ከአጠገቤ ቆመው ቀስ በይ ሲሉኝ ትዝ አለኝ። ሌላ መስመር ተረተርሁ። ሌላ ስም። ጆንያው ተንጠልጥሎ እስኪወድቅ ተረተርሁት። አንድም ባዶ ቆርቆሮ የለም። ሁሉም የእኔ እጅ ጽሑፍ ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ እነዚህን ሰዎች ከደረቴ በላይ አስተኝቻለሁ፤ ሥራቸው ሌሊቱን በፋኖስ ስለ ሐጌ ስታነብ ለምታድር ሴት ዝናብ መከላከል ነበር። ያም ሳቅ ገባኝ። መንደሩ ሁሉ ያውቃል። ያላወቅሁት እኔ፣ ሁሉን የማርመው፣ ብቻ ነኝ።

ታደሰ መጣ። ከበሩ ቆሞ ወደ ላይ አየ፤ ቀጥሎ ወደ እኔ።

«የዕርዳታ ነው ብለኸኝ ነበር።»

«ታዲያ አይደለም? ሚካኤል ረዳሽ።»

«ታደሰ።»

«እታለም፣ መንደሩ ሁሉ ከድኖ አንች ሜዳ ላይ ልትቀመጭ ነው? ብነግርሽ ትገቢ ነበር?»

«አልገባም ነበር።»

«ስለዚህ አልነገርሁሽም።» ከበሩ መቃን ላይ ተደገፈ። «ደግሞ ሰርቄ አይደለም። እማሆይን ጠይቄያለሁ። የልጅዎን ለእኅቴ ልምታው ወይ ብያቸዋለሁ።»

«ምን አሉህ?»

«ስሙን የጻፈችውን እጅ ዝናብ አይምታት አሉኝ።»

ከወንበሩ ወርጄ ከወለሉ ተቀመጥሁ። እማሆይ ራሳቸው በክረምት ጎጇቸው ያፈሳል፤ አንድ ጊዜ ንፍሮ ስንበላ ስለ ማፍሰሱ ቀልደውልኝ ያውቃሉ። እኔም ሣሩን እንዴት እንደሚደራርቡት አርሜያቸዋለሁ።

ማግሥቱ ሰኞ ነው። ዳባት አልሄድሁም፤ ታምሜያለሁ ብዬ ላክሁ፤ ውሸትም አይደለም። ታደሰን ውጣና አውርድ አልሁት። ጣራው ጠል አለበት፣ መዶሻው ጠፋ፣ ከሚካኤል በኋላ ይሁን አለኝ። መሰላሉን ራሴ ተከልሁና ወጣሁ። በእኛ አገር ሴት ጣራ ላይ ስትወጣ ያየ ሰው ላም በዛፍ ላይ ያየ ያህል ይቆማል። ሰዎች እየቆሙ ማየት ጀመሩ። ታደሰ ከሥር ሆኖ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ለመነኝ።

«ውረጅ እባክሽ። ሰው እያየ ነው።»

«እንዲያይ ነው የወጣሁት።»

የመጀመሪያውን ምስማር ስነቅል አውራ ጣቴን ቀጠቀጥሁት። ያን ጊዜ ከኀፍረት የተነሣ ወጣና መዶሻውን ከእጄ ቀማኝ፤ መዶሻው ጠፍቶ አልነበረም። ሁለት ሁለቱን እያወረድን በትከሻችን ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ተሸከምን፤ መንገዱ በአያ ደምሌ ደጅ ነው። አያ ደምሌ ከደጁ ተቀምጦ፣ «ጊዜው ደረሰ እንዴ?» አለኝ። በሸክም መሐል የሚያርም አፍ የለም።

እውነቱን ልንገራችሁ፤ ሌላው ሰው ያን ቀን ተከትሎን ይመጣል ብዬ ጠብቄ ነበር። በመጽሐፍ እንዲህ ነው የሚሆነው። ማንም አልመጣም። ማክሰኞም ማንም። ረቡዕ ሴቶቹ አንዳንድ ወሬ አመጡልኝ፦ እኔ ቤትስ አራስ አለች፤ የእኔስ ቆርቆሮ ተበስቷል፣ ምን ይሠራል። እኔ መጽሐፎቼን በሣጥን ከትቼ፣ ሣጥኑን በሸራ ጠቅልዬ፣ እኔም በዚያው ሸራ ሥር ነበርሁ። ኀሙስ ከስሜን በኩል ነፋስ ተነሣና የመጀመሪያው ዝናብ በጠራራ ቀትር ወረደ። ሸራው ሆዱን ሞልቶ ከላዬ ተገለበጠ። አንዱ ሣጥን ራሰ። እየተራገምሁ ውኃውን በጣሳ ስቀዳ፣ አያ ደምሌ ጆንያ በራሱ ላይ ደፍቶ ከአጥሬ በላይ ቆሞ ያየኛል። ብዙ ቆመ።

«ለካ ነቢዩ ሸራ ውስጥ ነው የሚያድር» አለና ሄደ።

ስድብ መሰለኝ። ዐርብ ጠዋት ግን ከእሱ ቤት በኩል ምስማር ሲነቀል ሰማሁ። ቆርቆሮውን በአህያ ጭኖ፣ እኔን ሳያይ፣ በደጄ አለፈ። አያ ደምሌ ካወረደ በኋላ ጣራ ላይ መተው ለሌላው ኀፍረት ሆነ። ቅዳሜ ግቢው ውስጥ መራመጃ ጠፋ። እሁድ ግን ሁለት ቤት አሁንም ከሚካኤል በኋላ ይሁን አለ፤ እስከ ዛሬም እያለ ነው።

ነገሩን በትክክል ማስቀመጥ ስላለብኝ፦ ሐጌ ከተናገረበት ቀን አንሥቶ ሥራው እስኪጀመር ሃያ ሦስት ቀን ፈጅቷል፤ እኛ በአምስተኛው ቀን ነው የጀመርን። አንኩራ። እነሱ ቢያንስ የመጀመሪያውን ቆርቆሮ ከነቢዩ ቤት አላገኙትም።

መቅደሱና ወንዶች የሚቆሙበት ሙሉ በሙሉ ተከደነ። የሴቶቹ በኩል ግማሹ ብቻ ነው፤ ቀሪው ሸራ ነው። በሚካኤል ዕለት ታቦቱ ከሁለት ዓመት እንግድነት በኋላ ወደ ቤቱ ገባ። የዘመመውን ማዕዘን በግንድ ደግፈነዋል። የይርዳው ጸሎት ቤት ድንጋይ ግን እስካሁን በአያ ደምሌ በረት ነው፤ ሳነሣበት ጆሮው ይከብዳል። አልተውሁትም።

እናንተ የምታነቡኝ፣ ከዚህ በኋላ ሰው ማረም ተውሁ ብላችሁ እንዳትጠብቁ። ስሕተት ስሕተት ነው፤ ሐጌም አንበሳ ጉድጓድ ገብቶ አያውቅም። የተለወጠው ይህ ነው፦ ሐጌን ብዙ ጊዜ አንብቤዋለሁ፤ ሁልጊዜም ከነቢዩ ጎን ቆሜ ነበር፣ ወደ ሕዝቡ እየጠቆምሁ። አንድ ጊዜ እንኳ ከሚሰሙት መሐል ራሴን አልፈለግሁም። አሁን የሚያስቆጣ ነገር ሳነብ ዐይኔ ሳላዝዘው ወደ ላይ፣ ወደ ኮርኒስ ይሄዳል። የቤቴ አዲሱ ክዳን ሣር ነው፤ ኮርኒስ የለውም። እንዲሰፋም አልፈቀድሁም።

በዚያ የሚካኤል ዕለት፣ ሰው ሲያሸበሽብ፣ እማሆይ ብርቄ በሴቶቹ በኩል ጎትተው ከተከደነው ሥር አቆሙኝ። እማሆይ ፊደል አያውቁም።

«የትኛው ነው?» አሉኝ።

በጣቴ አሳየኋቸው። ይቅርታ ልጠይቃቸው ቃል ስፈልግ ቆይቼ ነበር፤ ሦስት ቀን ያሰብሁት ንግግር ነበረኝ። አፌን ስከፍት መቋሚያቸውን አነሡ። አንገታቸውን አቃንተው ቀዩን ጽሑፍ ከዳር እስከ ዳር፣ እኔ የሰው ጽሑፍ እንደማየው አድርገው፣ ረጅም ጊዜ አዩት።

«ዘሟል» አሉ። «ቀስ በይ ብዬሽ ነበር።»